ሥራውን ከነቁልፉ፦ የቅርብ አለቆችን በተግባቦትና በውክልና ለማሠልጠን ዝርዝር መመሪያ

አንድ ቁልፍ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። የመለዋወጫ መጋዘን ቁልፍ ነው። ቢጫ ላስቲክ ታስሮበታል።

በአንድ ትልቅ ድርጅት ውስጥ የፈረቃ ኃላፊ ነበርኩ። ዘመድ ሞተብኝና ለልቅሶ ወደ ዳንግላ ሄድኩ። ስነሳ ምክትሌን ጠርቼ «እስክመለስ ሁሉም ነገር ባንተ ነው» አልኩት። «እሺ» አለኝ። ያን ሌሊት የአንድ ማሽን ቀበቶ ተበጠሰ። ምትኩ መጋዘን ውስጥ አለ። ቁልፉ ግን ዳንግላ ነው፤ እኔ ጃኬት ኪስ ውስጥ። ስልኬም ባትሪ ዘግቷል። ፈረቃው እጁን አጣጥፎ አደረ።

ስመለስ ምክትሌ ላይ ጮህኩበት። «በሩን ለምን አልሰበራችሁትም?» አልኩት። ቀስ ብሎ «ማን ስበር አለኝ?» አለኝ።

እውነቱን ነበር። ሥራውን ሰጥቼው ቁልፉን ይዤ ነው የሄድኩት። «ሁሉም ነገር ባንተ ነው» ያልኩትም እሱ ጆሮ ውስጥ ምን ሆኖ እንደገባ አልጠየቅኩም። ጥፋቱ ሁለት ይመስላል፤ አንዱ የንግግር፣ አንዱ የውክልና፣ ማለትም ሥራን ከነሥልጣኑ ለሌላ ሰው የማስረከብ። ሲታይ ግን አንድ ነው። ተግባቦትና ውክልና ተለያይተው የሚሰጡ ሥልጠናዎች አይደሉም የምለው ለዚህ ነው።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ባሕር ዳርና አካባቢዋ ባሉ ትልልቅ ድርጅቶች ውስጥ የቅርብ አለቆችን ለምታሠለጥኑ ነው። ፋብሪካ፣ ሆስፒታል፣ ዩኒቨርሲቲ፣ ሆቴል፣ የመንግሥት ቢሮ፣ የትም ሁኑ። ከተማችን ትልልቅ ድርጅት ካወቀች ቆይታለች። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ከ1950ዎቹ ጀምሮ ሠራተኛ በፈረቃ ሲያስገባና ሲያስወጣ ኖሯል። ዩኒቨርሲቲው ሁለት ተቋማትን አንድ አድርጎ የተመሠረተው በ1992 ዓ.ም. ነው። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ የቅርብ አለቃ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ሙያውን ጥንቅቅ አድርጎ የሚያውቅ ሰው ነው። ጎበዝ መካኒክ የጋራዥ ኃላፊ ይሆናል። ጎበዝ ነርስ የዋርድ ኃላፊ ትሆናለች። ከማሽን ጋር እንዴት እንደሚግባባ ያውቃል። ከሰው ጋር እንዴት እንደሚሠራ ግን ያስተማረው የለም። ሹመቱ በደብዳቤ መጣለት፤ ትምህርቱ አልመጣለትም።

ደረጃ 1፦ ከአዳራሹ በፊት ሥራ ቦታውን እዩ

ስላይድ ለመሥራት አትቸኩሉ። አንድ ሳምንት ዝም ብላችሁ ተመልከቱ።

የፈረቃ ርክክብ ላይ ቁሙ። ከፈረቃ የሚወጣው ለሚገባው ምን ይለዋል? ስንት ደቂቃ ያወራሉ? የሚጻፍ ነገር አለ ወይስ «ሁሉም ሰላም ነው» ተብሎ ይሄዳል? እኔ ባየኋቸው ቤቶች ችግሩ ግማሹ የሚወለደው እዚህ ላይ ነው።

ቀጥሎ ሠራተኞችን ጠይቁ። ረጅም መጠይቅ አትበትኑ፤ ሰው መልካም መልስ እየመረጠ ይሞላዋል። ቆማችሁ፣ ሻይ እየጠጣችሁ፣ ሦስት ነገር ብቻ ጠይቁ። ትናንት አለቃህ ምን አዘዘህ? ግራ ገብቶህ ሳትጠይቅ የተውከው ነገር አለ? አለቃህ ባይኖር የሚቆመው ሥራ የትኛው ነው? የሦስተኛው መልስ የሥልጠናችሁ ግማሽ ይዘት ነው።

ለራሳቸው ለቅርብ አለቆቹ ደግሞ አንድ ወረቀት ስጧቸው። ለሦስት ቀን «ፈርምልኝ፣ ፍቀድልኝ፣ የት ነው ያለው፣ ምን ላድርግ» ብሎ የመጣ ሰው በመጣ ቁጥር አንድ ጭረት ይጫሩ። ከጎኑ ጉዳዩን በሁለት ቃል ይጻፉ፤ «ሳሙና ማውጫ»፣ «የፈቃድ ቅጽ»፣ «የመኪና ስምሪት»። ይህን ወረቀት የጭረት ወረቀት እንበለው። እስከ መጨረሻው ድረስ ያስፈልገናል፤ እንዳይጠፋ።

ደረጃ 2፦ ጊዜውንና ሰዉን ምረጡ

ሰኔ ላይ አታሠልጥኑ። የበጀት ዓመቱ መዝጊያ ነው፣ ቆጠራ አለ፣ ሪፖርት አለ፣ የሰው ልብ የለም። እኔ ራሴ የሠለጠንኩት በሰኔ መጨረሻ ነበር፤ በጀቱ ተመላሽ እንዳይሆን ተብሎ። ጣና ዳር፣ ቆንጆ አዳራሽ ውስጥ። በሻይ ሰዓት ፎቶ ተነሳን፣ አበል ፈረምን፣ ሰርተፊኬት ወሰድን። ሐምሌ ላይ ከሥልጠናው ያስታወስኩት የሐይቁን ነፋስ ነው። ያ ቀን እስካሁን ያንገበግበኛል፤ ምክንያቱም ያን ጊዜ በትክክል ተምሬ ቢሆን ኖሮ ያ ሌሊት ባልደረሰ ነበር።

ስለዚህ ሁለት ቀን በተከታታይ ከማጨቅ ስድስት ሳምንት፣ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ሁለት ሁለት ሰዓት ይሻላል። ሰው ውክልና የሚለምደው ወንበር ላይ ተቀምጦ አይደለም። በሁለቱ ክፍለ ጊዜዎች መካከል ያለው ሳምንት ነው ዋናው ትምህርት ቤት። አንድ ነገር ይማራል፣ ሥራ ቦታው ላይ ይሞክረዋል፣ በሚቀጥለው ሳምንት የሆነውን ይዞ ይመጣል።

ጠዋት አድርጉት። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የባሕር ዳር ከሰዓት ሙቀት አሠልጣኙንም ያስተኛል። ዐቢይ ጾም ላይ ሳይበላ የሚውል ብዙ ሰው አለ። ዓርብ ከሆነ የጁምዓ ሰዓት ሳይደርስ ጨርሱ። የሌሊት ፈረቃ የሠራን ሰው ሳይተኛ በጠዋት አትጥሩት፤ ፈረቃውን አስቀይሩለት።

ቁጥራቸው ከ12 እስከ 16 ይሁን። ከዚያ በላይ ከሆነ ልምምዱ ለሁሉም አይደርስም። ክፍሎችን አደባልቁ፤ ከልብስ እጥበት፣ ከፋይናንስ፣ ከጥበቃ፣ ከጋራዥ። የእነሱ አለቆች ግን አብረው አይቀመጡ። አለቃው ፊት «ሥራ ማካፈል እፈራለሁ» የሚል ሰው የለም። ለአለቆቹ ሌላ ሰዓት አለን፤ ወደኋላ እመጣበታለሁ።

ደረጃ 3፦ «እሺ»ን ፈትሹ

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ስለ አንድ ቃል ነው።

ሁለት ሁለት አድርጋችሁ ጀርባ ለጀርባ አስቀምጧቸው። ለአንዱ የታንኳ ሥዕል ስጡት። ደንገሉ ታስሮ፣ ጫፉ ወደ ላይ ቀንቶ፣ መሃሉ ላይ እንጨት ተጭኖ፣ ከኋላ ቀዛፊው ተቀምጦ፤ ከዘጌ ማገዶ ይዘው ሲመጡ እንደምናያቸው ዓይነት። ለሌላው ባዶ ወረቀትና እርሳስ። ተናጋሪው «ታንኳ» ወይም «ሐይቅ» ሳይል ቅርጹን እየነገረ ያሥለዋል። በመጀመሪያው ዙር ሠዓሊው መጠየቅ አይችልም። የተፈቀደለት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «እሺ»።

አንድ ጊዜ የልብስ እጥበት ኃላፊዋ ለጋራዡ ኃላፊ ስትነግረው እንዲህ ሆነ።

«ከታች ረዘም ያለ ነገር ሣል።»

«እሺ።»

«አንዱ ጫፉ ወደ ላይ ይቀናል።»

«እሺ።»

«መሃሉ ላይ ዕቃ አለ። የተደራረበ።»

«እሺ።»

ወረቀቱን ሲገልጠው ጫማ ነው። ማሰሪያው ሁሉ ሳይቀር። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እሷ «እኔ እኮ በግልጽ ነው የነገርኩህ» አለች። እሱም «እኔም እኮ የነገርሽኝን ነው የሣልኩት» አለ። ሳቁ ሲበርድ ዝም አሉ። ሁለቱም ሥራ ቦታቸው ላይ ይህንኑ ስንት ጊዜ እንደተባባሉ ያሰቡ መሰለኝ።

በሁለተኛው ዙር ጥያቄ ፍቀዱ። ሠዓሊው የሰማውን በየመሃሉ መልሶ ይናገር፤ «ጫፉ የቀናው በስተቀኝ ነው ወይስ በስተግራ? ርዝመቱ የወረቀቱን ግማሽ ያህል ነው አልሽኝ፣ አይደል?» ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ከዚያ በላይ ማብራሪያ አያስፈልግም።

ቀጥላችሁ ሠልጣኞቹን ጠይቁ፦ በእናንተ ክፍል «እሺ» ማለት ምን ማለት ነው? ሰሌዳው ላይ ጻፉት። «ሰማሁ» ማለት ሊሆን ይችላል። «አከብርሃለሁ» ሊሆን ይችላል። «አሁን ሂድልኝ»፣ «ፈራሁህ»፣ «ሌላ ሰው እጠይቃለሁ»። «ገባኝ» ማለት ከብዙዎቹ ትርጉሞች አንዱ ብቻ ነው። እኛ ጋ ደግሞ ይሉኝታ አለ። መልሶ መጠየቅ አለቃውን «በደንብ አልነገርከኝም» ማለት ይመስላል። ስለዚህ ሠራተኛው እሺ ብሎ ይወጣና በር ላይ ጓደኛውን «ምንድን ነው ያለው?» ይለዋል።

መድኃኒቱ ጥያቄውን መቀየር ነው። «ገባህ?» የሚለውን ጥያቄ ለስድስት ሳምንት ከልክሉ። መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነውና ምንም አይነግራችሁም። በምትኩ ይህችን አለማምዷቸው፦ «እኔ በደንብ መናገሬን እንዳውቅ፣ እስቲ አንተ ባንተ አፍ ንገረኝ።» ሸክሙ ወደ ተናጋሪው ዞረ። ሠራተኛው አልተፈተነም፤ የተፈተነው አለቃው ነው። ይህች ትንሽ ለውጥ ይሉኝታውን ትፈታዋለች።

የሳምንቱ የቤት ሥራ፦ በቀን ሦስት ትእዛዝ ላይ ሞክሩት። ተመልሶ የመጣው ከተናገራችሁት የተለየ ሲሆን ማስታወሻ ያዙ።

ደረጃ 4፦ ሥራ ማሳየትን አስተምሩ

ብዙ ሰው ውክልና የሚከሽፍበት ለሠራተኛው ያልተማረውን ሥራ ስለሚሰጠው ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል፤ ለሠራተኛም ይሠራል።

እዚህ ላይ አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልግም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካኖች ለፋብሪካ የቅርብ አለቆች ያዘጋጁት ቲ ደብሊው አይ የሚባል ሥልጠና ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ጃፓን ወሰደችው፤ ዛሬ ካይዘን የምንለው፣ ሥራን በትንሽ በትንሹ ያለማቋረጥ የማሻሻል አሠራር፣ አንዱ ሥሩ እዚያ ነው። ካይዘን ኢትዮጵያ ውስጥ ከጃፓን መንግሥት ጋር በመተባበር የገባ በመሆኑ ብዙ ሠልጣኞች ስሙን ያውቁታል፤ አያይዙት።

አካሄዱ አራት ነው። ሠራተኛውን አዘጋጁ፤ ምን እንደሚያውቅ ጠይቁ፣ ፍርሃቱን አብርዱለት። ሥራውን አሳዩት፤ አንድ በአንድ፣ ቁልፍ ነጥቡን ከነምክንያቱ። ከዚያ እሱ ይሥራው፣ እየሠራ ለምን እንደሚያደርገው ይናገር። በመጨረሻ ብቻውን ልቀቁት፣ ግን ማንን እንደሚጠይቅ ንገሩትና በየጊዜው እዩት። የዚያ ሥልጠና መፈክር «ሠራተኛው ካልተማረ አሠልጣኙ አላስተማረም» የሚል ነበር። በትልቁ ጽፋችሁ ስቀሉት።

ልምምዱ እውነተኛ ሥራ ላይ ይሁን። እያንዳንዱ ሠልጣኝ ከክፍሉ አንድ አጭር ሥራ ያምጣና ከሌላ ክፍል ለመጣ ሰው በ10 ደቂቃ ያስተምር። የፋይናንሷ ኃላፊ የሕክምና አንሶላ አስተጣጠፍ ስትማር ማየት ራሱ ትምህርት ነው። ከአራቱ ሦስተኛውን፣ ሠራተኛው እየተናገረ የሚሠራበትን፣ ሁሉም ይዘለዋል። እዚያ ላይ አስቁሟቸው።

ደረጃ 5፦ አንቱ የሚባለውን ሰው ማዘዝ

ይህ ከውጭ በመጣ የሥልጠና ጽሑፍ ውስጥ የማታገኙት፣ እኛ ጋ ግን በየቀኑ የሚያጋጥም ነገር ነው። ሰፋ ያለ ጊዜ ስጡት።

ልጁ 26 ዓመቱ ነው። ዲግሪ አለው። የጥገና ቡድን መሪ ሆኖ ተመደበ። ከሥሩ ያሉት ዋናው መካኒክ የአባቱ እኩያ ናቸው። ቤት ቢሆን ተነስቶ ወንበር የሚለቅላቸው ሰው ናቸው። እንዴት ይዘዛቸው?

ሁለት ስህተት አየሁ። አንደኛው መሽኮርመም ነው። «ጋሼ፣ እንደው ከተመቸዎት፣ ፓምፑን ቢያዩት…» ይላል። ጋሼም «እሺ ልጄ» ይላሉ። መቼ? የትኛውን ፓምፕ? አልተባለም። ሁለተኛው የፍርሃት ድፍረት ነው። አለቃነቱን ለማሳየት «አንተ» ይላቸዋል፣ ሰው ፊት ይጮህባቸዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እውቀታቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። የታዘዙትን ብቻ ይሠራሉ፤ ከዚያ አንዲት ነገር አይጨምሩም። ድርጅቱ የሚከስረው ያን ጊዜ ነው።

አክብሮቱ በአነጋገሩ ይኑር፤ ሥራው ግን ጥርት ብሎ ይነገር። እንዲህ፦

«ጋሼ፣ ሦስት ቁጥር ፓምፕ ዛሬ እስከ 10 ሰዓት መነሳት አለበት። ካለበለዚያ ለማታ ውሃ የለንም። ይህን ከእርስዎ በላይ የሚያውቀው የለም። ምን ላቅርብልዎት?»

«ውሃ መዝጊያው ጎማ ሳያልቅ አይቀርም። አዲስ ካለ ስጠኝ። አንድ ልጅም ጨምርልኝ።»

«ጎማውን አሁን አስወጣለሁ። ልጁን እርስዎ ይምረጡ። 9 ሰዓት ላይ መጥቼ የት እንደደረሰ አያለሁ።»

ሥራው ተለይቷል፣ ሰዓቱ ተቆርጧል፣ ምክንያቱ ተነግሯል፣ የሚታይበት ሰዓት ታውቋል። አንቱታውም አልጎደለም። ይህን ሦስት ሦስት ሆነው ይለማመዱት። አንዱ ወጣት አለቃ፣ አንዱ ጋሼ፣ አንዱ ተመልካች። ከተቻለ ትልልቆቹ የወጣቱን ቦታ ይያዙ፤ ወጣቶቹ የጋሼን። ቦታ መቀያየሩ ብዙ ነገር ይከፍታል።

ትናንት አብሮ ቡና ሲጠጣ የነበረ፣ ዛሬ አለቃ የሆነ ሰውም አለ። ጓደኞቹ ሲያረፍዱ ዝም ይላል። እሱን አንድ ነገር ብቻ አለማምዱት፤ በመጀመሪያው ሳምንት ለብቻቸው ቁጭ አድርጎ «ጓደኝነታችን እንዳለ ነው፤ በሥራ ላይ ግን ለሁሉም እኩል ነኝ» ማለትን። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል፤ እዚህ ላይ ደግሞ ጓደኝነቱም ይቀራል።

ሴት የቅርብ አለቆች የሚነግሩኝ ደግሞ ሌላ ነው። ትእዛዛቸው ወንዱ አለቃ እስኪደግመው ድረስ አይፈጸምም። ይህን እሷን ብቻ በማሠልጠን አትፈቱትም። የበላይ አለቃው ሠራተኛ በእሷ ላይ ተሻግሮ ሲመጣበት «እሷ ምን አለችህ? እንደዚያው ነው» ብሎ መመለስን መማር አለበት።

ደረጃ 6፦ አሁን ውክልና

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። ሁሉም ያውቀዋል። ታዲያ ለምን ሎሚውን ሁሉ አንድ ሰው ይሸከማል?

ጠይቋቸው፣ ይናገራሉ። «ራሴ ብሠራው ይፈጥናል።» «ከተበላሸ የሚጠየቀው እኔ ነኝ።» «ኦዲት ቢመጣስ?» አንዳንዱ ዝቅ ባለ ድምፅ «እነሱ ከቻሉት እኔ ምን እሠራለሁ?» ይላል። አንዱንም አታናንቁ። የኦዲቱ ፍርሃት በተለይ እውነተኛ ነው፤ እኛ ጋ ፊርማ ሰው ላይ ዕዳ ያመጣል። መልሱ «አትፍራ» አይደለም። መልሱ ውክልናውን በልክ መስፋት ነው።

የጭረት ወረቀቶቹን አውጡ። እያንዳንዱ ሰው ጭረቶቹን በሦስት ይክፈላቸው፦ የእኔ ብቻ የሆነ፣ ሰው ካስተማርኩ በኋላ የምለቀው፣ ዛሬውኑ የምለቀው። የዲሲፕሊን ውሳኔ፣ የሥራ አፈጻጸም ምዘና፣ የሠራተኛ ምሥጢር፣ የድርጅቱ ደንብ በስም ለእሱ የሰጠው ሥልጣን፤ እነዚህ አይወርዱም። ሳሙና ማስወጣት ግን ለምን የኃላፊ ፊርማ ፈለገ? የስምሪት ሰሌዳ ለምን እሱ ይጽፋል?

ከሦስተኛው ክፍል አንድ ሥራ ብቻ ይምረጡና ይህችን ወረቀት ይሙሉ። እውነተኛ ልምምድ ላይ የተሞላች ናት፦

ሥራው፦ ለእጥበት ክፍሉ በየቀኑ ሳሙናና በረኪና ከመጋዘን ማውጣት።
የሚሠራው፦ የጠዋት ፈረቃ ቡድን መሪ።
ከመቼ እስከ መቼ፦ ከሰኞ ጀምሮ ለአንድ ወር፤ ከዚያ እንገመግማለን።
እስከ የት ይወስናል፦ እስከ ዕለቱ መደበኛ መጠን ራሱ ፈርሞ ያወጣል። ከዚያ በላይ ሲሆን ደውሎ ያስፈቅዳል።
ምን ተሰጠው፦ የመጋዘን መዝገብ፣ የፊርማ ናሙናው ለመጋዘን ሠራተኛ ተልኳል፣ አንድ ቁልፍ።
መቼ እንነጋገራለን፦ ዓርብ ጠዋት፣ 10 ደቂቃ።
ማን ያውቃል፦ መጋዘን፣ ፋይናንስ፣ የማታ ፈረቃ ኃላፊ።

አምስተኛውን መስመር ደግማችሁ አንብቡት። ብዙ ሰው እዚያ ላይ ባዶ ይተዋል ወይም «አስፈላጊው ሁሉ» ብሎ ይጽፋል። አትቀበሉት። ቁልፉ፣ የይለፍ ቃሉ፣ ማኅተሙ፣ የመኪናው ፍቃድ፣ የስልክ ካርዱ፤ ስሙ ተጠርቶ ይጻፍ። የመጨረሻው መስመርም እንደዚያው ነው። መጋዘን ሠራተኛው ካልተነገረው የተወከለውን ሰው «አንተን አላውቅህም» ብሎ ይመልሰዋል፤ ትክክልም ነው።

በደብዳቤ የሚሰጠውን «እኔ በሌለሁበት ተክተው እንዲሠሩ» የሚለውን ውክልና ከዚህ ለዩት። ያኛው አለቃው ሲጠፋ ነው። ይህ አለቃው እያለ ነው።

ደረጃ 7፦ የሥልጣኑን ልክ በአማርኛ ተናገሩ

«እስከ የት ይወስናል» የሚለው መስመር ሰውን ያስቸግረዋል። አምስት ዓረፍተ ነገር አስይዟቸው። «አጣርተህ ንገረኝ።» «ሐሳብ አምጣ፣ እኔ እወስናለሁ።» «ወስን፣ ከመጀመርህ በፊት ግን አሳየኝ።» «ሠርተህ ንገረኝ።» «ያንተ ነው፣ ካልቸገረህ አትንገረኝ።» አዲስ ሰው ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ ሲታመን ይወጣል። ጥፋት የሚመጣው አለቃው ሁለተኛውን እያሰበ ሠራተኛው አራተኛውን ሲሰማ ነው። ስለዚህ የትኛው እንደሆነ በቃል ይባል።

ከዚያ ሥራው ተመልሶ ሲመጣ ምን እንደሚሉ አለማምዷቸው። ሠራተኛው ይመጣል፤ «አለቃ፣ መጋዘኑ እምቢ አለኝ፣ አንተ ብታናግረው ይሻላል።» አለቃው ስልኩን ካነሳ አለቀ፤ ሥራው ወደ እሱ ተመልሷል። እንዲህ ይበል፦ «ምን አለህ? አንተስ ምን አሰብክ?» ዝም ብሎ ይጠብቅ። ሠራተኛው «መዝገቡን ይዤ ብመለስ» ካለው፣ «ይሄው፣ ሂድበት፤ 5 ሰዓት ላይ ንገረኝ።» ዝምታው ከባድ ነው። ሠልጣኞች ሦስት ሰከንድ መታገሥ ያቅታቸዋል። በሰዓት እያያችሁ አለማምዷቸው።

ሲበላሽስ? ይበላሻል። ሰው ፊት አይናገሩት፣ ለብቻው። ሰውየውን ሳይሆን የሆነውን ነገር ይጥሩ፤ «ግዴለሽ ነህ» ሳይሆን «ትናንት 8 ሰዓት ላይ መዝገቡ አልተሞላም ነበር።» ከዚያ መጀመሪያ ራሳቸውን ይጠይቁ፦ ከሰባቱ መስመር ያልሞላሁት የትኛውን ነው? እኔ ያን ሌሊት ይህን ጠይቄ ቢሆን ምክትሌ ላይ አልጮህም ነበር። ይቅርታ የጠየቅኩት ዘግይቼ ነው፤ ያም ሆኖ እንደገና መተማመን ጊዜ ወሰደብን።

ደረጃ 8፦ የአለቆቹን አለቆች አስገቡ

በሦስተኛው ሳምንት አካባቢ ለክፍል ኃላፊዎችና ለዳይሬክተሮች አንድ ሰዓት ተኩል ያዙ። አጭር ነው፤ ግን ካልተደረገ የቀረው ሁሉ ይፈርሳል። ዳይሬክተሩ በቅርብ አለቃው ላይ ተሻግሮ ሠራተኛውን በቀጥታ ካዘዘ፣ ወይም በተወከለው ሰው ስህተት ማግስት «ሁሉንም ራስህ ፈርም» ካለ፣ ስድስት ሳምንቱ በአንድ ቀን ይጠፋል። የሞሉትን ወረቀት አሳዩአቸው። እነሱም ለቅርብ አለቆቻቸው አንዲት ወረቀት እዚያው ይሙሉ። የሰጡትን ሥልጣን በደብዳቤ፣ ለፋይናንስና ለኦዲት ግልባጭ አድርገው ያጽኑት። የፊርማ ፍርሃት የሚቀንሰው ያን ጊዜ ነው።

ደረጃ 9፦ ተመልሳችሁ ቁጠሩ

ዶናልድ ኪርክፓትሪክ የሚባለው አሜሪካዊ በ1959 እ.ኤ.አ. ሥልጠና የሚለካው በአራት ነገር ነው አለ፦ ሠልጣኙ ወደደው ወይ፣ ተማረ ወይ፣ ሥራው ላይ አደረገው ወይ፣ ድርጅቱ ተጠቀመ ወይ። እኛ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ለክተን እንሄዳለን። ምሳው ጥሩ ከነበረ ቅጹ ላይ «በጣም ጥሩ» ይሞላል።

በ30ኛውና በ60ኛው ቀን የጭረት ወረቀቱን እንደገና ስጧቸው፤ እንደ በፊቱ ለሦስት ቀን። ከመጀመሪያው ጋር አስተያዩት። ጭረቱ ካልቀነሰ የትኛው ጉዳይ እንደቀረ ከጎኑ ተጽፏል። ቀንሶ ሥራው ከተበላሸ ደግሞ ደረጃ 4 ተዘሏል ማለት ነው፤ ተመልሳችሁ ያን አስተምሩ።

ከዚያ ሳትናገሩ በማታ ፈረቃ ሂዱ። 4 ሰዓት ላይ፣ ርክክብ ሲያልቅ። ያገኛችሁትን ሠራተኛ፣ አለቃውን ሳይሆን፣ «አሁን ቀበቶ ቢበጠስ መጋዘኑን ማን ይከፍታል?» በሉት። ስም ከጠራላችሁ ወደ ሰውየው ሂዱና ቁልፉን አሳየኝ በሉት።